«እማዬ ናፈቀችኝ» ስትል ምን ታደርጋላችሁ?

ክረምት ሲገባ ብዙ የአዲስ አበባ ቤት ልጅ ይበዛበታል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ክፍለ አገር ያለው ዘመድ ደግሞ «እስቲ አዲስ አበባን ትይ» ብሎ ልጁን ይልካል። እኛም «ምን ችግር አለው፣ ትምጣ» እንላለን። ቀን ላይ ሁሉም ሰላም ነው። ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ግን የሶፋ ጥግ የያዘች አንዲት ትንሽ ልጅ አገጯ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል፣ አንዱ ከረሜላ ያመጣል፣ ሌላው ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ሦስተኛው «አይዞሽ፣ እናትሽ ነገ ትመጣለች» ብሎ ይዋሻል።

እኔም ዋሽቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ከሸዋ ሮቢት መጥታ ከሐምሌ 5 እስከ ነሐሴ 20 እኔ ጋ ከርማ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ክረምት ያልሠራሁት ስህተት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ከስህተቴ የተማርኩት ነው።

አንዱን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ናፍቆቷን የሚያባብሰው እኛ ራሳችን እንግዳ ስናደርጋት ነው። ምርጡን ቁራሽ እያጎረስን፣ «አንቺ ተቀመጪ» እያልን፣ ምንም እንዳትነካ እየተሳሳንላት፣ ቤቱ የሰው ቤት መሆኑን ቀኑን ሙሉ እናስታውሳታለን። ቤተኛ የሆነች ልጅም ይናፍቃታል። ግን የሚናፍቃት ሥራ ይዛ፣ ጓደኛ ይዛ፣ የራሷ ቦታ ኖሯት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ከመምጣቷ በፊት

ይህ ክፍል ለእናትና ለአባት ነው። ልጅቷን ጠይቋት። «ልትሄጂ ነው» ተብላ የተነገራት ልጅና «ብትሄጂ ምን ይመስልሻል?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ አንድ አይደሉም። ከተቻለ ደግሞ ከረጅሙ ጉዞ በፊት እዚያው ሰፈር አያቷ ወይም የአባቷ እህት ጋ ሁለት ሦስት ሌሊት ትደር፣ ያለ እናት ማደር ምን እንደሚመስል እዚያ ትልመደው።

ሁለተኛው ነገር ቃል መግባት ላይ ነው። «ካልተመቸሽ ወዲያው መጥቼ እወስድሻለሁ» አትበሏት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ልጆች የቤት ናፍቆት ባወጣው ምክር ላይ ይህንኑ ያስጠነቅቃል። እኔ ጽሑፉን ያየሁት ሚጡ ከሄደች በኋላ ነው፣ ምን ያደርጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንዲህ የተባለች ልጅ መምጫውን ቀን ትጠብቃለች እንጂ አትለምድም። ሽሮው ሲቀጥን «አልተመቸኝም»፣ ዝናብ ሲመጣ «አልተመቸኝም»። ከዚያ ይልቅ እንዲህ በሏት፦ «ሊናፍቅሽ ይችላል። ሁሉም ሰው ይናፍቀዋል። ሲናፍቅሽ ለአክስትሽ ንገሪያት።» በቃ።

ሻንጣዋ ውስጥ ከአዲስ ልብስ ይልቅ አሮጌ ነገር ክተቱ። የለመደችው ብርድ ልብስ፣ እናት ያዘጋጀችው ቆሎ፣ የምትወደው ኩባያ። አንድ ደግሞ ያልታጠበ የእናት ነጠላ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስንብቱን አትስረቁ

ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። እትዬ፣ እናቷ ማለት ነው፣ ሚጡን አምጥታ ሁለት ሌሊት አደረችና ልትመለስ ሆነ። መኪናው ከላምበረት ማለዳ ነው የሚነሳው። «ሳታይሽ ሂጂ፣ ካየችሽማ አትለቅሽም» አልናት፣ እኔም ጎረቤቶቼም። ተስማማች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ሚጡ 1 ሰዓት ላይ ነቃች። መታጠቢያ ቤት አየች፣ ኩሽና አየች፣ መጋረጃውን ሳይቀር ገለጠች። «እማዬስ?» አለችኝ። «ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች» አልኳት።

በረንዳ ላይ ቆማ ጠበቀች። እስከ ምሳ ሰዓት። ከታች ፌስታል የያዘች ሴት ባለፈች ቁጥር በእግር ጣቷ ትነሳለች። አንዴም አላለቀሰችም፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ አይወስዳትም። ለምን ይውሰዳት? ስትተኛ ሰው ይጠፋል። ሽንት ቤት ስገባ በር ላይ ትቆማለች። «ዳቦ ልግዛና ልምጣ» ያልኩ ቀንማ ቀሚሴን ይዛ አለቀቀችኝም።

ስለዚህ እናት ስትሄድ ልጅቷ ነቅታ፣ ፊቷ ታጥቦ፣ ዐይኗ እያየ ይሁን። ትስማት፣ መቼ እንደምትመለስ ትንገራት፣ ከዚያ ትሂድ። ሦስት ጊዜ ከበር እየተመለሱ መሳም አያስፈልግም። ታለቅሳለች፣ አዎ። ምናልባት ግማሽ ሰዓት ታለቅስ ይሆናል። የእኔዋ ግን በረንዳ ላይ ግማሽ ቀን ቆማለች። እናቷን ብቻ ሳይሆን እኔንም ማመን አቁማ ነበር፣ እሱን ለመመለስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ሰዓቱን እወቁት

ናፍቆት ሰዓት አለው። ቀን ላይ ይደበቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ፣ መብራት ሲጠፋ፣ አልጋ ሲነጠፍ ይመጣል። ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ ያዙ። ያንን ሰዓት ባዶ አትተዉት።

ሥራ ስጧት፤ የእጅ ሥራ። ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ካልሲ ማጣመር። ቴሌቪዥን አይተካውም። ፊልሙ ሲያልቅ ሆዷ እንደገና ይብሳልና።

ስታለቅስስ? መጀመሪያ «አታልቅሺ» አትበሉ። እኔ ለስንት ቀን ስል ነበር፣ አንድም ቀን አልሠራም። አንድ ማታ ደክሞኝ ይሁን ምን እንጃ፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩና «እናት ትናፍቃለች፣ እውነትሽን ነው። ዛሬ ምኗ ነው የናፈቀሽ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ጸጉሬን ስትሠራኝ» አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ነው ለካ የምትሠራት።

ይህችን ጥያቄ ያዟት። «እማዬ ናፈቀችኝ» ለሚለው ምንም ማድረግ አትችሉም። «ጸጉሬን ስትሠራኝ» ለሚለው ግን ትችላላችሁ። ሹሩባ አልችልም፣ በእውነት አልችልም። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ወለሉ ላይ ትራስ አድርጌ ጉልበቴ መሃል አስቀመጥኳትና ቅባት ቀብቼ፣ እንደ ነገሩ ከፋፍዬ ጎነጎንኩት። መስታወት አየችና ሳቀች። «ዶሮ የጫረው መሰለ» አለች። ያ ሳቅ የመጀመሪያው ነበር።

የማይባሉ ነገሮች ደግሞ አሉ። «ጅቡ መጣ» አይባልም። «ትልቅ ልጅ አያለቅስም» አይባልም። ለወንድ ልጅ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» አይባልም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ እንግዳ የሚመጣ ሰው ሁሉ ለጨዋታ የሚላት ነው፦ «እናትሽ እኮ ረስታሻለች፣ እኔ ልውሰድሽ?» ትልቁ ይስቃል። ልጅቷ ያንን ሌሊቱን ሙሉ ስታመነዥክ ታድራለች። እንዲህ የሚል ሰው ሲመጣ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ቡና እየቀዳችሁ በጨዋ ቃል አስቁሙት። ይሉኝታ ይዞኝ ሁለት ጊዜ ዝም ብዬ አልፌ እስካሁን ይቆጨኛል።

አልጋና ነጠላ

ብዙዎቹ የክፍለ አገር ልጆች እናታቸው ወይም እህታቸው ጋ ነው የሚተኙት። «የራስሽ ክፍል አዘጋጅተንልሻል» ብላችሁ ብቻዋን ብታስተኟት ክብር ሰጠናት ብላችሁ ነው፣ እሷ ግን የተቀጣች ነው የሚመስላት። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አብራችሁ ተኙ፣ ወይም ፍራሿን እናንተ ያላችሁበት ክፍል አንጥፉ።

ብርዱንም አትርሱ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ በሐምሌ በረዶ የምትዘንብ ከተማ ናት። ሚጡ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለቀሰችው ግማሹ ብርድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋቢ፣ ካልሲ፣ ትኩስ ወተት። ሰውነቷ የሞቀ ልጅ ሆዷም ቶሎ አይብስም።

ነጠላውስ። እትዬ የለበሰችውን ነጠላ ሳታጥበው ትታላት ነበር። ሚጡ ፊቷ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ልብስ ሳጥብ አየሁትና ቆሽሿል ብዬ በኦሞ አሽቼ፣ አለቅልቄ፣ በረንዳው ላይ አሰጣሁት። ደስ የሚል ንጹሕ ነጭ። ልጅቷ ከጨዋታ ስትመጣ ከገመዱ ላይ ሳብ አድርጋ አሸተተችው። አንዴ። ደግማ። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። የእናቷ የቅቤ፣ የጭስ፣ የላብ ሽታ የለም። የኔ ኦሞ ብቻ ነው የሚሸተው። ሌላ ያልታጠበ ነጠላ እስክታገኝ ድረስ፣ ያውም በሹፌር በኩል ተልኮ፣ አምስት ቀን ቆየን። የመጣ ዕቃ ሲሸትም፣ ሲቆሽሽም ሳትጠይቋት አትጠቡት።

አልጋ ላይ ሽንት ቢያመልጣት ደግሞ አትገረሙ። ትታው የነበረች ልጅም ቤት ስትቀይር ሊመለስባት ይችላል። ከአንሶላው ሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ማታ ሻይ ቀንሱ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ቀስቅሳችሁ ሽንት ቤት ውሰዷት። ፍራሹን ለሰፈር እይታ አታስጡት። ለጎረቤትም አትንገሩ፣ ለእናቷም እሷ እየሰማች አትንገሩ።

«ሆዴን አመመኝ»

ይህ ውሸት አይደለም። የሚናፍቃት ልጅ ሆዷን የምር ያማታል፣ ራሷንም ያማታል፣ ምግብም ይዘጋባታል። ግን ደግሞ ሁሉንም ለናፍቆት አትስጡ። ውሃ ቀይራለች፣ ምግብ ቀይራለች። ትኩሳት ካላት፣ ካስመለሳት፣ ካስቀመጣት ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ሌላ ምልክት ከሌለና ሁልጊዜ ማታ ማታ ብቻ ከሆነ፣ ጠዋት ላይም የሚተዋት ከሆነ፣ ያው ናፍቆቱ ነው። ሞቅ ያለ ነገር አጠጥታችሁ ሆዷን እሹላት።

ምግቡንም ቢሆን ጠይቁ። ሚጡ የኔን ሽሮ ገፋ ገፋ ታደርገዋለች። እናቷ ጋ ደወልኩ። «ወፈር ይበል፣ ነጭ ሽንኩርት አብዢበት» አለችኝ። አወፈርኩት። ሳህኑን ጠረገችው።

ስልክ

ስልክ መድኃኒትም ነው፣ መርዝም ነው። ማታ ከመተኛቷ በፊት አታገናኟት። ድምፅ ሰምታ ስልኩ ሲዘጋ ጨለማው ብቻ ነው የሚቀራት። እኛ በስተኋላ ቀን 7 ሰዓት አደረግነው፣ ከምሳ በኋላ። አሥር ደቂቃ። በየሁለት ቀኑ። ሰዓቱ ቋሚ ከሆነ ልጅቷ በየደቂቃው «እንደውልላት?» አትልም፣ ታውቀዋለች።

ለእናት ደግሞ ለብቻዋ ንገሯት። «ናፍቀሽኛል» ማለት ይቻላል፣ ጥሩም ነው። ስልክ ላይ መንሰቅሰቅ ግን አይቻልም፣ ልጅቷ እናቷን ልታጽናና ትሞክራለች። «በላሽ? ጠገብሽ? አስለቀሱሽ?» ብቻ ከመጠየቅም ዛሬ ምን እንዳየች ትጠይቃት። በኢሞ ካሜራውን ግቢው ውስጥ እያዞሩ ፍየሎቹን ማሳየት ደስ የሚል ይመስላል። አንዴ ሞክረን ነበር። አልደግመውም።

እናንተ ደግሞ ማልቀሷን አትደብቁ። «ምንም አላለችም፣ እየሳቀች ነው» ብላችሁ፣ እናት ስልክ ላይ ለቅሶ ስትሰማ ነው ጠቡ የሚመጣው።

ቤተኛ የምትሆንበት መንገድ

ወደ ዳቦው ልመለስ። ያ ዳቦ እንደ ቀልድ ያወጣሁት ቃል ቤቱን በሙሉ አስጨንቆት ስለነበር አንድ ቀን «እንግዲያው አንቺም ነይ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን ገንዘቡን እሷ ያዘች። በሳምንቱ ባለ ዳቦ ቤቷ «ሚጡ፣ ስንት ነው ዛሬ?» ስትላት ሰማሁ። ስሟን የሚያውቅ ሰው አገኘች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት የቤቱ ዳቦ ኃላፊነት የእሷ ሆነ፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ።

ለእናንተም እንዲህ ያለ አንድ ነገር አይጠፋም። አበባ ማጠጣት፣ ለቡና ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ፈንዲሻ ማዞር። ትንሽ፣ የየዕለት፣ የእሷ ብቻ የሆነ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ቤተኛ ማድረግ ሠራተኛ ማድረግ አይደለም። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር መጥታ ዕቃ አጣቢ፣ ሕፃን አዛይ፣ ወጥ ሠሪ ሆና የቀረች ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። የራሳችሁ ልጅ የማይሠራውን ሥራ እሷ ከሠራች፣ እናንተ በልታችሁ እሷ ኋላ ከበላች፣ የሚያስለቅሳት ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ይህ ጽሑፍም አይጠቅማችሁም።

ጓደኛን በተመለከተ፣ ከፎቅ ላይ ያለች ልጅ ግቢ የለመደች ከሆነ ቤቱ እስር ቤት ነው። ወደ ታች ይዛችኋት ውረዱ። የሰፈር ልጆች መጀመሪያ አነጋገሯን እየደገሙ «ፋራ» ይሏት ነበር። ልቆጣ ወርጄ፣ ደግነቱ ሳልቆጣ ተመለስኩ። ፈንዲሻ አፈንድቼ ጠራኋቸው። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ሲያሰምሩ ሚጡ ዝም ብላ አየችና ጠጠር ለቅማ ቅልልቦሽ ጀመረች። በአንድ እጇ አምስቱን ስትቀልብ ፋራ የሚለው ስም ቀረ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ በዚያው ጓደኛዋ ሆነች።

ከተማውን በአንድ ሳምንት ለማሳየት አትሩጡ። እኔ በመጀመሪያው ቅዳሜ ፒያሳ፣ ቀላል ባቡር፣ መስቀል አደባባይ፣ ኬክ ቤት አዙሬያት ማታ ተዝለፍልፋ አለቀሰች። የደከመ ልጅ ይናፍቀዋል። በሳምንት አንድ ቦታ ይበቃል።

ከሁሉም የጠቀመን አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽን እያየን (የሚታየው ቅጂዋ ነው) 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እንደሆነ፣ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር እንደተገኘች ነገርኳት። «አፋርማ እኛ ጋ ቅርብ ነው፣ እሷም ከቆላ ነው የመጣችው» አለች። ከዚያ ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. አሜሪካ ሄዳ በ2005 ዓ.ም. እንደተመለሰች ስነግራት ቆመች። «ስድስት ዓመት ሙሉ?» «ገደማ።» ጣቷን ቆጠረች። «የኔ ግን ቡሄ ካለፈ በሳምንቱ ያልቃል።»

ቀን መቁጠርን በተመለከተ ከዚያ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር በእስክሪብቶ ስንሰርዝ ነበር፣ ግን አንድ ተሰርዞ አርባ አራት ሲቀር ማየት ለልጅ ተስፋ መቁረጥ ነው። ወደ ቅርብ ነገር ቀይሩት። እስከ እሑድ። እስከ ፍልሰታ መግቢያ። እስከ ቡሄ። ነሐሴ 13 ሚጡ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆያ ሆዬን ከዳር ሆና ስትቀበል፣ ሙልሙሏን ታቅፋ ስትመጣ፣ ስንት ቀን እንደቀራት እኔም እሷም ረስተነው ነበር።

ናፍቆት ብቻ ካልሆነ

አብዛኞቹ ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀለላቸው ይሄዳል። ካልቀለላት፣ መጫወት ካቆመች፣ ከሳምንት ሳምንት እየከሳች ከሄደች፣ ወደ ቤቷ ትመለስ። ውርደት የለውም። አንድ የተወሰነ ሰው ሲመጣ ብቻ የምትሸሽ፣ ከእሱ ጋር ብቻዋን መቅረት የማትፈልግ ከሆነ ደግሞ እሱን ናፍቆት አትበሉት። ብቻዋን አድርጋችሁ ጠይቁ፣ የምትለውን እመኑ፣ ዘመድም ቢሆን ሰውየውን አርቁ። እናቷም በዚያው ቀን ትወቅ።

እትዬ ነሐሴ 19 መጣች። ሚጡ አልተጠመጠመችባትም፣ በር ላይ ቆማ አየቻትና ወደ ኩሽና ገባች። ይህም የተለመደ ነው፤ እናቶች፣ ቅር አይበላችሁ፣ ቂሟን እስክታወርድ ጠብቋት። «ማን ይሻልሻል፣ እኔ ወይስ አክስትሽ?» አትበሏት። ማታ እናቷ ጀርባ ላይ ተለጥፋ ተኛች።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሻንጣው ተይዞ፣ መብራቱ በርቶ፣ እኔም ነቅቼ፣ እሷ የለችም። በሩ ክፍት ነው። ኮሪደሩ ላይ የጎረቤትን በር ታንኳኳለች። ጓደኛዋ ዐይኗን እያሸች ወጣች። «ልሄድ ነው» አለቻት ሚጡ። «ዳቦ ልገዛ አይደለም። አገሬ ነው የምሄደው።»